ባለቤቱ ያላነሳው ዱላ

ሰኞ
«አልለኩስም!» አልኩት። ካቦው አቶ ዘለቀ ከጥላው ሥር ሳይነሳ «ሁሉም ወጥቷል» ይለኛል። ባለፈው ወርም እንዲሁ ብሎኝ ባልደረባችን ሙዘይን ገና ድንጋይ ማውጫው ካባ ውስጥ ሲፈልጥ ነበር። ይኸው አታት ሐኪም ቤት እግሩ በጄሶ ታስሮ ተኝቷል። የድማሚቱን ክር የለኮስኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ በዓይኔ ሳላይ አልለኩስም፤ የመጣው ይምጣ።

ማክሰኞ
ከማፈንዳቴ በፊት ሰዎቹን ልቆጥር ተነሳሁ። ዘጠነኛው ሰው ላይ ስደርስ ጋሽ ከድር ተቆጡ፤ ከመስቃን የመጡት አንጋፋው ድንጋይ ፈላጭ ናቸው። «ሰው እንደ ከብት ይቆጠራል እንዴ? ከተቆጠርን ወላሂ አንዳችን እንጎድላለን!» ሌሎቹም እየሣቁ ቦታ ይቀያየሩብኝ ጀመር። ንድድ አልኩ። ላድናቸው ብዬ! ኮቾዬን እንኳ ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ረቡዕ
አገኘሁት! እዚህ ዱላ የማይይዝ ወንድ የለም፤ የራሱን ዱላ የማያውቅም የለም። እንግዲህ ሕጌ ይኸው፦ ካባው ስትገባ ዱላህን የድማሚቱ መጋዘን ግድግዳ ላይ አስደግፍ። ስትወጣ ራስህ አንሳ፤ ለጓደኛ ማንሳት ክልክል ነው። አንድ ዱላ ከቀረ እሳት የለም።
መቁጠር አላስፈለገም። ጋሽ ከድር «ይኼ ይሻላል ልጄ» ብለው የመጀመሪያውን አስደገፉ። ካቦው ሣቀ። ይሣቅ።

ሐሙስ
የአውራጃው ገዢ ድንጋያችን የሚነጠፍበትን መንገድ እስከ ወልቂጤ ድረስ ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ። ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ ድንጋይ! ካቦው «በዱላ ጨዋታህ ግማሽ ቀን ታቃጥላለህ፤ ሌላ አፈንጂ አላጣም» አለኝ። ብባረር ቡታጅራ ላለችው እናቴ ምን እልካለሁ? ፈርቻለሁ። ግን አልተውም።

ዓርብ
የመውጫው ደወል ተመታ፣ ሰዉ ወጣ፣ አንድ ዱላ ቀረ። «የሸረፋ ነው» አሉ ጋሽ ከድር፤ አብሯቸው የሚፈልጠው ነው።
ካቦው «ረስቶት መስጊድ ሄዶ ነው» ብሎ ዱላውን አንስቶ ወረወረው። «ይኸው፣ የለም! ለኩስ ወይ ውጣ!»
ሄጄ የክሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩበት። «አስነሳኝና ራስህ ለኩሰው» አልኩት። አልደፈረም። ጋሽ ከድር እየተጣሩ ወደ ካባው ወረዱ። ሸረፋ ከትልቁ ቋጥኝ ጀርባ እየሰገደ ነበር። ደወሉን ሰምቷል፤ ሶላቴን አላቋርጥም ብሎ ነው! እስኪጨርስ ጠበቅነው። ከዚያ ካቦው አባረረኝ።

ቅዳሜ
ከሰዓት በኋላ ጋሽ ከድር ቤቴ መጡ። ጠዋት ሁሉም ዱላቸውን አስደግፈው ማንም ወደ ካባው አልወረደም አሉኝ። «አፈንጂያችንን መልሱ» ብለዋል። የካቦው አለቃ፣ የመንገዱ መሐንዲስ፣ ሰኞ ሊያነጋግረኝ ይፈልጋል።
ሸረፋም አብሮ መጥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ሸሸሁት። እውነቱን እዚህ ልጻፍ፦ ትናንት ካቦው ሲጮህብኝ ክብሪቱን ከፍቼ አንድ እንጨት አውጥቼ ነበር። ክሩ ላይ የተቀመጥኩት እጄን ስላላመንኩት ነው።
ለመሐንዲሱ የምለውን ቆርጫለሁ። እመለሳለሁ፤ ክብሪቱ ግን ጋሽ ከድር ዘንድ ይሁን፣ እሳቸው ሳይሰጡኝ አልለኩስም። መሐንዲሱ እምቢ ካለኝ ሥራ አልገባም። እሺ ይበል አይበል እንጃ።