የሚስ ዶሪስ ቅድመ አያት ንግግር

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ስሜነሽ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? ጋሽ ወልደማርያምን ያ ሳል ለቀቃቸው? ይህ ወረርሽኝ ደጃችሁን ሳይረግጥ እንዲያልፍ ነጋ ጠባ እለምናለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ማስኩ ጆሮዬን ከመላጡ በቀር የሚያመኝ የለም።

ሥራ ቀይሬያለሁ። መሀል ከተማ ጥበቃ የነበርኩበት ሆቴል ሲዘጋ አሰናበቱን፤ ሲከፈትም አልጠሩኝም። አሁን ሮድስ ራንች በሚባል የታጠረ ሰፈር፣ ሚስ ዶሪስ የሚባሉ ዘጠና ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ነጭ አሮጊት እጠብቃለሁ። መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ሾርባ አሞቃለሁ፣ ዓይናቸው ስለደከመም አነብላቸዋለሁ።

የማነበው ምን መሰለሽ? ቅድመ አያታቸው የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በደቡብ በኩል፣ ጆርጂያ ውስጥ፣ ሐኪምም የምክር ቤት አባልም ነበሩ። የፖለቲካ ወረቀታቸው በካርቶን ተቀምጦ ኖሯል። ሚስ ዶሪስ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ሊሰጡት ነው፤ መጀመሪያ ግን ሁሉንም ልስማው አሉ። አብዛኛው እንቅልፍ ያመጣል፤ ድልድይ ይሠራልን፣ ለወንድሜ ሹመት ፈልግልኝ፣ ምረጡኝ። የእኛን አገር ማመልከቻ የማነብ ነው የሚመስለኝ። ድሃ በነጻ ያክሙ እንደነበር ሳነብ ግን ሰውየውን ወደድኳቸው። ታውቂኛለሽ፣ የሞተ ሰው ስም ሲነሣ እንዳንቺው «ነፍስ ይማር» ሳልል አላልፍም። ሚስ ዶሪስም ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ እየጠበቁ ያዳምጡኛል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ንግግር ላይ ደረስን። ባርነት ከቀረ በኋላ፣ ጥቁሮች ድምፅ እንዳይሰጡ ሰውየው ምክር ቤት ቆመው የተናገሩት ነው። «አክሜያቸዋለሁ፣ ገላቸውን አውቀዋለሁ፤ ለጉልበት ሥራ እንጂ ለማሰብ አልተፈጠሩም» ይላል። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ስማቸው ላይ ስደርስ «ነፍስ ይማር» ማለት አቃተኝ። በጣም ነው የተናደድኩት እትዬ፤ ለወረቀት መናደድ ሞኝነት ቢሆንም። ሚስ ዶሪስ ጠበቁ፣ ጠበቁና «ዛሬ አላልክላቸውም» አሉኝ። «አላልኩም» አልኳቸው።

ለካ ልጃቸው ቀድሞ አንብቦት ኖሮ፣ ይህን ንግግር አውጥተው እንዲጥሉት በስልክ ነግሯቸዋል፤ የቤተሰቡ ስም ይጠፋል ባይ ነው። እሳቸውም ለመጣል ወስነው ነበር። አሁን ወደ እኔ ዞረው ምን ይሻላል አሉኝ። እንጀራዬ መሆኑን ሳልረሳ፣ የሰውየው ደግነት ተልኮ ይህ ከቀረ የሚልኩት የሌላ ሰው ወረቀት ነው አልኳቸው። ካርቶኑን ዝጋው ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። በቃ ተባረርኩ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

በማግሥቱ ካርቶኑን አስከፈቱኝና ንግግሩን ከሁሉ በላይ አስቀመጡት። የሚከፍተው ሰው መጀመሪያ ይህን ያንብብ አሉ። ለልጃቸውም ደውለው ነገሩት። ከዚያ ወዲህ ልጅየው ደውሎ አያውቅም፤ ሚስ ዶሪስ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ይውላሉ። ያሳዝኑኛል።

ጋሽ ወልደማርያምን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ብርቅታይትን አጎትሽ ናፍቆሻል በያት፤ በትምህርቷም እንዳትለግም። ጎረቤታችንን እማማ ገንዘቤን እጅ ነሥቻለሁ በያቸው። ሚስ ዶሪስን በጸሎትሽ አስቢልኝ። ለቅድመ አያታቸው ግን አንቺ አትድከሚ፤ የቻልኩ ዕለት እኔው ራሴ እልላቸዋለሁ።

ወንድምሽ የሺዋስ
ላስ ቬጋስ፣ የካቲት 14 ቀን 2013 ዓ.ም.