መስመሩ ገደሉን ሲያቋርጥ

አለምነሽ፣ የቤቴ ሰው፤

ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። ያንቺን ጤና ብጠይቅ መልስ ስለማላገኝ ትቼዋለሁ። ከተለየሽን ሁለተኛው መስከረም ጠብቷል። እኔ ደህና ነኝ፤ ቁልቁለት ላይ ጉልበቴ እንደ ድሮው ይከዳኛል። የምጽፍልሽ ግን ስለ ጉልበቴ አይደለም፣ ስለ ስንዱ ነው። ስለ ልጃችን ፈርቻለሁ፤ ይህን ደግሞ ካንቺ በቀር ለማንም አልናገርም።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። የሣር ክዳኑን አውርጄ ቆርቆሮ አልብሼዋለሁ። አልወደውም፤ ዝናብ ሲመጣ ሰው አያነጋግርም። የተፋሰስ ሥራው ደርሶ ከቤታችን በላይ ያለው ዳገት ሁሉ እርከን ሆኗል። ነጯ ላም ወልዳለች። እኔ መንገድ ስሄድ ተቀምጠሽ ቁልቁል የምታዪበትን በርጩማ ከደጃፉ አላነሳሁትም፤ ማንም እንዲቀመጥበትም አልፈቅድም። ስንዱ «አባዬ፣ በርጩማ እኮ ነው» ትለኛለች። በርጩማ መሆኑን መቼ አጣሁት?

ልጅሽ ሥራ ይዛለች። ላሊበላ ከተማ ያለ የምንጭ ጥናት ቢሮ ቀጥሯት፣ በላስታ ተራራ ሁሉ እየዞረች ምንጭ ትለካለች። አልፈቅድም አልኩ። ብዙ ቀን አላናገርኳትም። እሷ ግን ያንቺን ዓይን ብቻ ሳይሆን የኔንም ግትርነት ወስዳለች፤ የጫማዋን ክር አሥራ፣ ያንቺን ነጠላ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

ለሥራው ጂፒኤስ የሚሉትን መሣሪያ ሰጥተዋታል። ከሳሙና የማይበልጥ፣ አጭር አንቴና ያለው፣ እጅ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ስልክ በማይሠራበት አገር እንኳ ከሳተላይት ጋር እየተነጋገረ ያለችበትን ቦታ ወደ ቢሮው ይልካል። ኮምፒውተሩ ካርታ ላይ ቀይ ነጥብ ይጥላል፤ ነጥቡንም ከነጥብ በመስመር ያያይዛል። የሄደችበት ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። የትናንቱንም ያለፈውንም ወር አውጥቶ ማየት ይቻላል።

አላይም ብዬ ነበር። አንድ ቀን ጨው ልገዛ ሄጄ ሳላስበው ቢሮው ደጃፍ ቆምኩ። ካርታውን የሚጠብቀው ጌታሁን የሚባል ወጣት «አያ ወንድሙ፣ ይግቡ እንጂ፤ ልጅዎ እዚህ ውስጥ ናት» አለኝ፣ ስክሪኑን እየጠቆመ። በሰው ልጅ እንዲህ አይቀለድም ብዬ ተቆጣሁት። ገባሁ ግን። ከዚያ ወዲያ በየገበያው ቀን ሄድኩ፤ ኋላ ገበያ በሌለበትም ቀን።

ፊደልን ያለ መምህር እንደለየሁ ታውቂያለሽ፤ ይህንንም ማንም እጄን ይዞ እንዲያሳየኝ አልፈለግሁም። ካርታውን ማቅረብና ማራቅ፣ የቆየውን መስመር ደብቆ የዛሬውን ብቻ ማስቀረት በራሴ ቻልኩ። ቤታችንንም ከሰማይ አየኋት። ፎቶው የቆየ ነው መሰለኝ፣ ገና ሣር እንደለበሰች ናት። ያ ፎቶ ሲነሣ አንቺ ከክዳኑ ሥር ነበርሽ ማለት ነው። ጌታሁን ምን እንደማይ ቢጠይቀኝ «ምንም» አልኩት።

አሁን በምነግርሽ ቀን ስንዱ ከብልባላ ወዲያ ነበረች። ጠዋት ነጥቧ ዝንጀሮ ገደል አናት ላይ ታየ። ዝንጀሮ ገደል አህያችን ከነሸክሟ ወድቃ የቀረችበት ነው። ያን ጊዜ አንቺ «ከእንግዲህ በዚህ ጠርዝ አላልፍም» ብለሽ ማልሽ። ከዚያ ወዲህ ወደ ወንድምሽ ቤት በሄድን ቁጥር በሸለቆው ራስ እንዞር ነበር፤ የግማሽ ቀን መንገድ ተጨምሮብን። እኔ ስነጫነጭ «አንተ በጠርዙ ሂድ፤ እኔና ልጄ እንዞራለን» ትዪኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ትቻችሁ አልሄድኩም። መነጫነጬንም አልተውኩም።

ዘወትር በየሰዓቱ የሚመጣው ነጥብ ያን ቀን ቀረ። ጠበቅሁ። ቀትር ሲሆን አንድ ነጥብ መጣ፤ ከገደሉ ሥር። መስመሩም ከአናቱ እስከ ሥሩ ገደሉን ሰንጥቆ በቀጥታ ወረደ።

አለምነሽ፣ እዚያ መንገድ የለም። ጌታሁን ከተማ ያደገ ነው፤ ካርታው ለሱ ጠፍጣፋ ወረቀት ነው። «ዛሬስ ጥሩ ገስግሳለች» አለ። እኔ ግን በዚያ መስመር ሰው እንዴት እንደሚወርድ አውቃለሁ፤ አህያዋም የወረደችው በሱ ነው። ሌላ ነጥብ ጠበቅሁ። አልመጣም። ማውዙን ለቅቄ ተነሳሁ። «ይረጋጉ፣ አያ ወንድሙ፤ መሣሪያው ሰማይ ካላየ አይልክም እኮ» ሲለኝ በሩ ላይ ደርሼ ነበር።

ወደ ብልባላ በሚሄድ አይሱዙ፣ ከእህል ጆንያ በላይ ተቀምጬ ሄድኩ። ረዳቱ «አባባ፣ ለቅሶ ነው?» አለኝ። ዝም አልኩት። ሂሳብ ሳይጠይቀኝ አለፈ። ዝምታዬን «አዎ» ብሎ መውሰዱን ሳውቅ ጮክ ብዬ «አይደለም» ልለው ፈልጌ ድምፅ አጣሁ።

ከመኪናው ወርጄ ቁልቁለቱን ስጀምር ቀና ብዬ ሰማዩን ማየት ፈራሁ። አሞራ ቢዞር ምን ላይ እንደሚዞር አውቃለሁ። ስሟን መጥራትም ፈራሁ፤ ገደሉ የራሴን ድምፅ ብቻ ቢመልስልኝስ? መሬት መሬቱን እያየሁ፣ አፌን ዘግቼ ሄድኩ። ነጭ ድንጋይ ባየሁ ቁጥር ያንቺ ነጠላ ይመስለኝና እግሬ ይያዛል። እስክደርስበት ድረስ «ድንጋይ ይሁን፣ ድንጋይ ይሁን» እላለሁ።

ከገደሉ ሥር አለቱ እንደ ዋሻ ወደ ውስጥ የገባበት ምንጭ አለ። ሴቶች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። ከአለቱ ጣሪያ ሥር ልጅሽ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ በባልዲ ውሃ ትለካለች።

መናገር አቃተኝ፤ ትንፋሽ አልነበረኝም። ቀና ብላ ስታየኝ ባልዲው ከእጇ ወደቀ። ዛሬ ዛሬ ከገበያ የማያልፍ አባት በላብ ተነክሮ፣ ምርኩዙን ይዞ፣ ፊቷ ቆሞ አይናገርም።

«አባዬ፣ ማን ሞተ?» አለች።

ምርኩዜን ተደግፌ ትንፋሽ እሰበስባለሁ። ሴቶቹ መርዶ ይዤ የመጣሁ መሰላቸው። አንዷ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ስንዱን ያን ቀን ገና ያየቻት ሌላዋ «ወይኔ እህቴን!» ብላ ደረቷን መታች። ልጃችን ውሃው ውስጥ ቁጭ አለች።

«ማንም አልሞተም!» ብዬ ጮህኩ በመጨረሻ። «የሞትሽውስ አንቺ ነሽ!»

አንዲት አሮጊት «አይ አንቱ ሰው! ታዲያ የጀመርነውን ለቅሶ ማን ላይ እንጨርሰው?» አለች፤ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ስንዱ አልሳቀችም። እጄን ይዛ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝ። መስመሩን ነገርኳት። መሣሪያውን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ባትሪው ሲደክምብኝ ነጥቡን አራርቆ እንዲልክ አደረግሁት፣ አባዬ። ከዚያ ደግሞ ከአለት ሥር ገባሁ። በመሃል የት እንደነበርኩ ካርታው አያውቅም፤ ሁለቱን ነጥብ በማስመሪያ ያገናኛል እንጂ።»

«በጠርዙ አልወረድሽም?»

«በጠርዙ? በእማዬ መንገድ ነው የዞርኩት። ሌላ መንገድ መቼ አስተማራችሁኝ?»

 ፊቴን ወደ ምንጩ አዙሬ ታጠብኩ።

ስነሳ ግን ነጥቡ ይቀራረብ አልኩ። «ባትሪው ያልቃላ!» አለች። ሌላ ባትሪ ያዢ አልኩ። «ምንጭ ልለካ ነው ባትሪ ልሸከም?» አለች። ሴቶቹ እየሰሙን ተከራከርን። እኔም ከቃሌ አልተመለስኩም፣ እሷም እሺ አላለችም። እኔ ወደ ብልባላ ወጥቼ አደርኩ፤ እሷ እዚያው ምንጩ ሰፈር ቀረች። በማግሥቱ ቢሮው ደርሼ ካርታውን ስከፍት ግን ነጥቦቹ እንደ ጉንዳን ተከታትለው ይመጡ ነበር። የመመለሻዋ መስመር ገደሉን አላቋረጠም። ወደ ሸለቆው ራስ ታጥፎ፣ ዳገቱን ተጠማዝዞ ዞረ። አንድ ቦታ ነጥቦቹ ተከማችተው አየሁ። ሁልጊዜ አረፍ ብለሽ ቆሎ ታድዪበት የነበረው ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። እሷም እዚያ ተቀምጣለች።

ክረምት ሲገባ የቆየው መስመር እንደሚጠረግ ጌታሁን ነገረኝ። ይህን ማንም አይነካውም አልኩት። «እንግዲያው ስም ይስጡትና ለብቻው እናስቀምጠው» አለ። በገዛ ጣቴ፣ አንድ አንድ ፊደል እየፈለግሁ፣ «የአለምነሽ መንገድ» ብዬ ጻፍኩ።

ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም። ስንዱ ነገ ማለዳ ወደማላውቀው ተራራ ትወጣለች። እዚያ የትኛው መስመር መንገድ፣ የትኛው ገደል እንደሆነ መለየት አልችልም። ነጥቡ በቆመ ቁጥር «ከአለት ሥር ገብታ ነው» እላለሁ፤ አፌ ይላል እንጂ ልቤ ነጥቡ እስኪንቀሳቀስ ድረስ አያምንም። ትናንት ከቢሮው ተመልሼ በርጩማሽ ላይ ተቀመጥኩ። መንገዱ ከዚያ የሚታየው እስከ መታጠፊያው ብቻ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን ያን ሁሉ ዘመን በምን እንደሞላሽው አሁን ገባኝ።

ካንቺ አዲስ ነጥብ አይመጣም፤ ይህን አውቃለሁ። ያሉኝ ነጥቦች እየተራራቁ ነው፤ በመካከላቸው ያለው እንዳይጠፋብኝ እፈራለሁ። በማስመሪያ ግን አላገናኛቸውም። ጉልበቴ እስከቻለ ድረስ፣ ባስታወስኩሽ ቁጥር በሸለቆው ራስ እዞራለሁ፤ ከድንጋይሽ ላይ አርፌ፣ እየተነጫነጭኩ።

ባልሽ ወንድሙ