የረቦን ስም ለማን?

ጁላይ 3፣ ረቡዕ

ዛሬ ሦስት ቅርጫት ዓሣ ሰነጠቅኩ። ፀሐይዋ ደህና ስለነበረች እስከ አሥር ሰዓት ግማሹ ደረቀ። ጨው የበላው ጣቴ ያቃጥለኛል።

ጨው የምታመጣልንን ሴትዮ ደግሞ መቼ እንደምትመጣ ጠየቅኳት። "የዛሬ ሳምንት፣ ራቡ" አለች። ራቡ! ረቡዕን በመጽሐፍ ቋንቋ፣ እንደ ቴሌቪዥን ዜና አንባቢ። እዚህ ሰፈር ረቡዕን ሁሉም ሰው ረቦ ነው የሚለው። እኔ ፊት ሲሆኑ ግን ምላሳቸውን ይሰበስባሉ። የባሌ ስም ረቦ ስለሆነ። ረቡዕ ተወለደ፣ ረቦ ተባለ፣ በቃ። በፌብሩዋሪ እሱን ይዛ ለዓሣ የወጣችው ጀልባ አልተመለሰችም። አምስት ወር...

አዝነውልኝ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ስሙም ካልተጠራ እሱ የት አለ?

ሆዴ ሰባት ወር ሊሞላው ነው። ወንድ ከሆነ ረቦ እለዋለሁ። ቆርጫለሁ።

ጁላይ 5

ለአማቴ ነገርኳቸው። ሩዝ እየለቀሙ ነበር። እጃቸው ቀጥ አለ።

ስሙን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ሲጸጸቱበት ኖረዋል ለካ። ልጅ ሳለ የሰፈር ልጆች "ረቦ፣ ማክሰኞን የት ጣልካት?" እያሉ እስከ ቤት ይከተሉት ነበር አሉ። አንድ ቀን እያለቀሰ ገብቶ፣ እማዬ አንድ ቀን ዘግይተሽ ብትወልጂኝ ምን ነበረበት ብሏቸዋል። ሐሙስ ቢባል የማይሳቅበት መስሎት! እኔ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ከዚያ ዋናውን አመጡት።

"ረቦ አለ እኮ፣ ልጄ። ያለ ሰው ስም ለሌላ ይሰጣል?"

ሩዙን ተቀብያቸው መልቀም ጀመርኩ።

ጁላይ 14፣ እሁድ

ለእርጉዝ በሰባተኛ ወሯ የሚደረገው እጥበት ዛሬ ሆነልኝ። አበባ በተነከረበት ውሃ ሴቶቹ በየተራ አጠቡኝ። ኮኮናቱን መሰንጠቅ የባል ሥራ ነው... ገጀራውን ማን እንደሚይዝ ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ተያዩ። አማቴ ተነስተው ያዙት። "እሱ እስኪመጣ ነው" አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ኮኮናቱ ጋደድ ብሎ ተከፈለ። አከፋፈሉን አይተው ወንድ ነው አሉ ሴቶቹ።

ጎረቤቴ ኑኑንግ ጥግ ወስዳ መከረችኝ። አስተማሪ ናት። ዘንድሮ ክፍሏ ውስጥ ሦስት ኬንዞ፣ ሁለት ራፋ የሚባሉ ልጆች አሉ። በነሱ መሃል ረቦ ብላ ስም ብትጠራ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። የሽማግሌ ስም ነው፣ ልጁ ምን በደለሽ አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ ባሏን በስሙ ጠርታ ይዛው ወደ ቤቷ ሄደች።

ጁላይ 17፣ ረቡዕ

ናፈቀኝ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ጁላይ 27

መጀመሪያ የቀለድኩበት እኔው ነኝ እኮ። ወደቡ ላይ ዓሣ ሲያወርዱ ነው የተዋወቅነው። ስሙን ሲነግረኝ፣ "ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ቀን ተሳስተህ ነው የመጣኸው" አልኩት። ጓደኞቼ በሳቅ ሞቱ። እሱ ቅርጫቱን መሬት አስቀምጦ አየኝ።

"ለአንቺ ቅዳሜንም እሆናለሁ" አለኝ።

የኔ ቀልደኛ... ያን ድምፅ ከየት ላምጣው? ስልኬ ላይ አንዲት የድምፅ መልእክት ቀርታለች። እሷም "ጨው እንዳትረሺ" ብቻ ናት የምትለው። ስንቴ ሰማኋት? መቁጠር ትቻለሁ።

ኦገስት 20፣ ማክሰኞ

ወንድ! እኩለ ቀን ላይ። ወሩ ሳይሞላ ቸኩሎ መጣ፣ ግን ደህና ነው። ጆሮው ቁርጥ የአባቱ፣ ሾጠጥ ያለ።

አንድ ቀን ብትታገስ ምን ነበረበት አንተ? ረቡዕ ብትወለድ ማን አፉን ይከፍትብኝ ነበር? አዋላጇ ለምን እንደማለቅስ አልገባትም። ከደስታ መስሏት ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ኦገስት 25

ነገ ስም ይወጣል። ለስሙ ድግስ የሚታረዱት ሁለት ፍየሎች ጓሮ ታስረዋል፣ ሲጮሁ ልጁን ይቀሰቅሱታል።

አማቴ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ልከራከር ተዘጋጅቼ ነበር። ይሳቅበታል ቢሉኝ መልስ አለኝ፣ ማክሰኞ ተወልዶ እንዴት ረቦ ይባላል ቢሉኝም አለኝ። እሳቸው ግን ያን ሁሉ አላነሱም።

"ራስሚ፣ ስሙን ለዚህ ልጅ ከሰጠሽው እኔ ልጄን መጠበቅ ማቆሜ ነው። አላቆምም። ስሙን ተዪልኝ።"

እኔስ አልጠብቅም እንዴ? እጠብቃለሁ... ግን እሳቸው ሰውየውን ነው የሚጠብቁት። እኔ ስሙን እንኳ በሰማሁ እያልኩ ነው። ተውኩላቸው። አንጀቴን በሉት።

ኦገስት 26

ሃፊዝ ተባለ። አማቴ ናቸው የመረጡት። ደስ የሚል ስም ነው አለ ሰው ሁሉ። ማንም አይስቅበትም። ሩዝና የፍየል ሥጋ ተበልቶ እንግዳው ተበተነ።

ስሙን ተዪልኝ ያሉት ሴትዮ እሳቸውም አይጠሩትም። "ልጄ" ነው የሚሉት። ታዲያ ረቦን ከእንግዲህ ማን ይጠራዋል?

ሴፕቴምበር 10

ይሄን ደብተር ከሣጥን ሥር አገኘሁት። ሰባት ዓመት ሆኖታል! ሃፊዝ አንደኛ ክፍል ገብቷል። ጀልባዋ እንደወጣች ቀረች። አማቴ የረቦን ሸሚዞች አሁንም በየወሩ እያወጡ ፀሐይ ያስመታሉ።

ትናንት ሃፊዝ እያለቀሰ መጣ። የክፍሉ ልጆች የአባቱን ስም መዝገብ ላይ አይተውበታል። እኛ ጋ ልጆች ሲሰዳደቡ በአባት ስም ነው የሚጠራሩት፣ የአባትህን ስም ያወቀብህ አለቀልህ። እኛም ልጅ ሆነን እንደዚያው ነበርን። የሱ ደግሞ ረቦ ሆኖ ተገኘ! ነገ ሐሙስ ነው ወይ እያሉ አሳቀቁት።

ሄደሽ ተቆጪልኝ አለኝ። ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። ልቆጣ ነበር፣ እምላለሁ። ልጆቹ መስጊዱ አጠገብ ሜዳው ላይ ይጫወታሉ። ሃፊዝ ቀሚሴን ይዞ ከኋላዬ ነው። ገና ሲያየው አንዱ ፈልፈላ በሙሉ ድምፁ "ረቦ!" አለ።

ሰባት ዓመት ሙሉ ይሄን ስም ጮክ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ልጄ እያለቀሰ ቀሚሴን ይጎትታል፣ እኔ ይድገሙት እያልኩ ቆሜያለሁ... ምን ዓይነት እናት ነኝ?

ቤት ስንገባ እውነቱን ነገርኩት። ስሙን ስሰማ ደስ አለኝ አልኩት። አፉን ከፍቶ አየኝ። እንባውን ጠረግኩለት።

"ረቦ ሲሉህ፣ አቤት በል።"

ዛሬ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ ድምፃቸው ይሰማል። "ረቦ!" አሉ። አንድ ቀጭን ድምፅ "አቤት!" አለ።

አማቴ ዓሣ እየሰነጠቁ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጡ።

"ማነው አቤት ያለው?"

"ልጁ ነው" አልኳቸው።

እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ በሩ ላይ ወጥተው ቆሙ። ልጆቹ እስኪደግሙት ጠበቁ።