ከቆጠራው በፊት

ለውድ እናቴ፣

እማዬ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ የላክሁልሽ መድኃኒት ጠቀመሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አካፈልሽው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽሽ ነበር፤ ግን ባለፈው በስልክ “አንቺ ልጅ፣ ተናደሻል” ብለሽ ስለነቃሽብኝ ይቅር። አዎ፣ ተናድጃለሁ። በስልክ ልንገርሽ ብል መሃል ላይ አለቅሳለሁ፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ ቁም ነገር ሳናወራ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

የተናደድኩት በማን መሰለሽ? በዚያ በበኩር ልጅሽ ነው።

የፊልም ድርጅት ሲከፍት ሰው ሁሉ ሙዚቀኛ ምን በወጣው ብሎ ሲስቅበት የተሟገትኩለት እኔ ነበርኩ። ባንዱን በትኖ፣ ከበሮውንና ኪቦርዱን ቀረጻ ክፍሉ ጥግ ላይ ከምሮ ካሜራ ሲገዛ፣ ወንድሜ ያውቅበታል አልኩ። እውነትም ያውቅበታል፤ ያላወቀው ነገር ቢኖር ከባንድ መውጣቱን ብቻ ነው። ሌላው ዓለም ቀረጻ ሲጀመር “አክሽን” ይላል፣ የኛው ሰው “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት” ብሎ ይቆጥራል። የተዋናይ አነጋገር ካልጣመው ከቅኝት ወጣህ ይለዋል። አንዷ ተዋናይ ለቅሶሽን በምቱ አልጀመርሽም ተብላ አኩርፋ ሄዳ፣ በስንት ልመና መለስናት። ለማንኛውም ጥፋት መልሱ አንድ ነው፤ በኤዲቲንግ ይስተካከላል። ኤዲቲንግ ማለት እኔ ነኝ። ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ የምውለው እኔ።

ይሄን ሁሉ ችያለሁ። ያልቻልኩት የአባዬን ነገር ነው።

አባዬ በድራማው አከራዩን ሆኖ ሊሠራ ካንቺ ዘንድ ሲመጣ የነበረኝን ደስታ ታውቂያለሽ። መጀመሪያ የተጻፈው አከራይ ደረጃ እየወጣ በር የሚደበድብ፣ ተከራዮቹን የሚያሯሩጥ ቁጡ ሰው ነበር። የበኩር ልጅሽ ቀረጻው በተጀመረ ማግስት ቀየረው። አከራዩ ደጃፍ ላይ ወንበር ተሰጥቶት ተቀመጠ፣ ተከራዮቹ ተሰልፈው ወደ እሱ መጡ። ደረጃ የማይወጣ አከራይ የት ነው ያየኸው ብዬ ብጮህበት፣ መብራት ማዘዋወር ያደክማል አለኝ። ስንፍና ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ደግሞ ሙዚቃው መጣ። በሌሎቹ ተዋንያን ትዕይንት ላይ ንግግሩ ንጹሕ ነው። አባዬ ሊናገር ሲል ግን፣ ቆጠራው እንዳለቀ እዚያው ቀረጻው ቦታ ላይ ስፒከሩ ይለቀቃል። ነገሩ እንዲገባሽ፣ ሙዚቃ የሚጨመረው በኋላ ነው፣ እኔ ጋ። ያኔ ሲያሻሽ ከፍ ታደርጊዋለሽ፣ ሲያሻሽ ታጠፊዋለሽ። ከሰው ድምፅ ጋር አብሮ ከተቀዳ ግን ውሃ የገባበት ወተት ነው፤ ማን ይለየዋል? ይሄ ደግሞ ለሙዚቀኛ ይጠፋዋል? ለምን ስለው፣ አባዬ ያለ ሙዚቃ ስሜቱ አይመጣለትም አለኝ። የኛ አባት! ገና ኪቦርድ ሲከፈት “ይሄን ጩኸት ዝጉልኝ” ብሎ ክፍሉን ጥሎ የሚወጣው ሰውዬ!

የመሰለኝን ልንገርሽ? ቂም ነው አልኩ። በልጅነቱ አላዳምጥ ያለውን ሰው፣ በስተርጅናው ወንበር ላይ አስቀምጦ በግድ አሰማው። ለኔም ቢሆን አባዬን ደህና አድርጎ አላካፈለኝም። በእንግድነት የሰነበተው እሱ ዘንድ ነበር። የኔ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አባዬ ለሚመጣው ቅዳሜ፣ ለሚመጣው ቅዳሜ እያለ አንድ ቀን ሳይረግጠው፣ አንድ ሌሊት እዚያው እንደተኛ ቀረ። አንቺ ለሚያጽናናሽ ሁሉ “አንድ ቀን ሳይታመም፣ ማንንም ሳያስቸግር” ስትዪ እሰማሻለሁ። ቀጥ አድርጎ የያዘሽ ይኸው እንደሆነ ይገባኛል። ለኔ ግን የቀረኝ ድምፁ ነበር፣ እሱንም ሙዚቃ በላው።

አሁን ቴሌቪዥን ጣቢያው ሥራውን መለሰብን። የአከራዩ ንግግር አይሰማም፤ ወይ ሌላ ተዋናይ ይናገርለት፣ ወይ ቃሉ ከሥር በጽሑፍ ይውጣ አሉ። የበኩር ልጅሽ በአባቴ አፍ ሌላ ሰው አይናገርም ብሎ ጠረጴዛውን መታው። ታዲያ ማን አበላሸው አልኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ላይ ወጣ። ይኸው ከዚያ ወዲህ አንድ ሕንጻ ውስጥ፣ እሱ ላይ እኔ ታች ሆነን በሠራተኛ በኩል እንነጋገራለን።

አንቺ ደግሞ “አንዲት ንጹሕ ቃል ፈልጊልኝ፣ ስሜን ባይጠራም ግድ የለኝም” ብለሽኛል። እፈልግልሻለሁ። ማይኩ የሚከፈተው ከቆጠራው ቀደም ብሎ ነው። ያንን ጫፍ ሁልጊዜ ሳላዳምጥ ነው ቆርጬ የምጥለው። ነገ ከዚያ እጀምራለሁ። ካገኘሁ የበኩር ልጅሽን ጎትቼ አምጥቼ ምን እንዳጠፋብን በጆሮው አሰማዋለሁ። ደብዳቤውንም ያኔ እጨርሰዋለሁ።

እማዬ፣ የጀመርኩትን ልጨርስ።

አዳመጥኩ። ከቆጠራው በፊት አባዬ አለ፣ ሙዚቃ የለበትም። አብራኝ የምትሠራው ልጅ አሞሻል እንዴ ብላ ውሃ አመጣችልኝ። ናፍቆት ነው አልኳት።

ልልክልሽ ግን አልቻልኩም፣ አትቀየሚኝ። ማይኩን ደረቱ ላይ በጣም አስጠግተው አስረውት ኖሮ፣ ከቃሉ ይልቅ ትንፋሹ ነው የገባው። ለጆሮ የሚሆን አይደለም። የሚያወሩትም የሥራ ወሬ ነው። “ሙዚቃውን ከፍ አድርገው” የሚለው ለካ አባዬ ራሱ ነው። በየቀረጻው ወንድሜን ይለዋል። ከፍ አድርገው ልጄ፣ ይሄ እኮ እናትህም ቤት ይታያል ይለዋል። ላንቺ እንዲያምርልሽ ብሎ ይሆናል። ወንድሜም እሺ አባዬ ይልና መቁጠር ይጀምራል፤ ሦስት ላይ ድምፁ ይሰበርበታል።

እንግዲህ ሰው ሲያረጅ ጆሮው ይከፈትለት የለ፣ አባዬም ሙዚቃ ወዶ ነበር ማለት ነው። ስለ ወንበሩ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ቂሙ የጻፍኩትን እንዳላነበብሽው ቁጠሪልኝ። ልቀድደው ብዬ ነበር፤ እንደገና ልጻፈው ስል እጄ እሺ አላለኝም። ንዴት ነው ያጻፈኝ። አንቺ እንደምትዪው ነው እማዬ፣ ማንንም ሳያስቸግር ነው የሄደው።

ለጣቢያው ቃሉን ከሥር ጽፌ እሰጣቸዋለሁ። ሙዚቃው እንዳለ ይቆያል። ሲተላለፍ ፊቱን እዪው፤ አከራይነት እንዴት እንዳማረበት!

ወንድሜ ጋ ወጥቼ ነበር። ኪቦርዱ ፊት ተቀምጦ አገኘሁት፣ አልከፈተውም። በሩን ቀስ ብዬ መልሼ ወረድኩ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ክፉ አያሰማሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልን። አንድ ነገር ግን ላስቸግርሽ። ለወንድሜ ደውዪለትና ያንን ረጅሙን ምርቃትሽን ሳታስቀሪ መርቂው። ምን አድርጌ ነው ብሎ ከጠየቀሽ፣ እህትህ አዳምጣዋለች በይው።

ታናሽ ልጅሽ