ለጉለሌ ብርድ ኤሲ ምን ያደርጋል?

ሰኞ፣ ግንቦት 4

አንድ ሽቦ ብቻ! የመኪናችን ኤሲ አሮጌ ኮምፕሬሰር ሶኬት ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ከመርካቶ የገዛሁት ያገለገለ ኮምፕሬሰር ግን አንዲት ጥቁር ሽቦ አንጠልጥሎ መጣ። ሁለተኛዋ የት ሄደች? ሻጩን ስጠይቀው «ኤሌክትሪክ የሚሠራልሽ ሰው ያውቀዋል» አለኝ። የምሠራው እኔው መሆኔን አልነገርኩትም።

መካኒኩ ታደለ ጠዋት ከዊንጌት መጥቶ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ኮምፕሬሰሩን በቦታው አስሮ፣ ቺንጋውን አጥብቆ ሄደ። ሽቦ አይነካም። «እኔ ብሎን እንጂ መብራት አላውቅም» ይላል። ኤሌክትሪክ የሚሠራው ጓደኛው አገር ቤት ለቅሶ ሄዷል፤ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። የእኔ ጊዜ ደግሞ እስከ ቅዳሜ ነው። ሃያ ዓመት የልብስ ስፌት መኪና ስጠግን ኖሬያለሁ፤ ሽቦ ያው ሽቦ ነው ብዬ ገባሁበት።

ሰፈሩ እየሳቀብኝ ነው። ከእንጦጦ ሥር ተቀምጦ ኤሲ! «ለጉለሌ ብርድ ኤሲ ምን ያደርጋል?» ያላለኝ ጎረቤት የለም። ለሁሉም ቆሜ አላስረዳም። አባዬ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ልቡ ደክሟል፣ ሐኪሙ ከሙቀት ተጠበቅ ብሎታል። እህቱ እታለም መተሐራ ናት፤ እሷ ደግሞ ሳንባዋን ታማ ደጋ እንዳትወጪ ተብላለች። እሱ አይወርድ፣ እሷ አትወጣ። አራት ዓመት በስልክ ብቻ። ባለፈው «ወንድሜ፣ ሳላይህ ልሞት ነው እንዴ?» ስትለው ሰማሁ። ስልኩን ዘግቶ ምሳውን ሳይበላ ዋለ። ሐኪሙን ሄጄ ጠየቅሁት። መኪናው ቀዝቃዛ ከሆነና በዚያው ቀን ከተመለሳችሁ ይቻላል አለ፤ ለቅዳሜ ቆረጥን።

ያለን መኪና የአባዬ አሮጌ ፒክአፕ ነው። ኤሲው «ተቃጥሏል» ካለን ደግሞ አሥራ ምናምን ዓመት ሆኖታል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ሁለተኛዋ ሽቦ አልጠፋችም። መጀመሪያም አልነበረችም! ይሄኛው ኮምፕሬሰር ኔጌቲቩን የሚያገኘው ከታሰረበት ብረት ነው፤ ስለዚህ አንድ ሽቦ ይበቃዋል። ይቺን ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ግን ማንም ሳይነግረኝ ነው ያወቅኋት።

ለማረጋገጥ ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ሽቦ ስቤ ነካ አደረግኋት። ጠቅ! ፊቱ ላይ ያለው ክብ ብረት ወደ ውስጥ ተሳበና ተጣበቀ። ለቀቅ ሳደርግ ተላቀቀ። ለካ ቺንጋው ሁልጊዜ የሚያሽከረክረው የውጪውን መዘውር ብቻ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ የሚዞረው ኤሌክትሪክ መጥቶ ይሄ ማግኔት ሲይዘው ነው። ደስ ሲል! አሥር ጊዜ ያህል ጠቅ ጠቅ አደረግሁት።

አባዬ ጋቢውን ለብሶ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። «ባትሪውን ጨረሽው» አለኝ። ቆይቶ ደግሞ «ተይው ልጄ፣ መስኮት ከፍተን እንሄዳለን» አለ። በግንቦት፣ መተሐራ፣ መስኮት ከፍተን! ዕድሜውን መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው እንዴት እንዲህ ይላል? የሆነ ነገር አለ።

የማውቀው፦ ኮምፕሬሰሩ ደህና ነው። ታደለ ዓርብ ጋዝ ይሞላል።
የማላውቀው፦ ከማብሪያው ወደ ሞተሩ የሚመጣው ሽቦ የትኛው እንደሆነ። አባዬ ምን እንደሆነ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ሽቦውን አገኘሁት፤ አረንጓዴ ነው። ከአዲሱ ጋር አገናኘሁት፣ ሞተር አስነሳሁ፣ ኤሲውን ተጫንኩ። ጭጭ። እንደገና ተጫንኩ። ጭጭ።

ከዚያ የጎረቤት በግ ከመኪናው ፊት ገብቶ ቆመ። ክላክስ ነፋሁ። ጠቅ!

ጆሮዬን አላመንኩም። ደግሜ ነፋሁ። ጠቅ። በጉ ሄደ፣ እኔ ግን መንፋቴን አልተውኩም። ክላክስ ስነፋ ኤሲው ይነሳል፤ ስተው ይጠፋል። ታደለን ደውዬ ስነግረው ሳቁ አላስወራው አለ። «እንግዲያ እስከ መተሐራ እየጮኻችሁ መሄድ ነዋ!»

እኔም ስቄ ስቄ ስጨርስ ከዳሽቦርዱ ሥር ተጋደምኩ። አረንጓዴው ሽቦ ከኤሲው ማብሪያ ላይ ተቆርጦ ከክላክሱ ጋር ተገናኝቷል። የተበጠሰ የክላክስ ሽቦ በሥራ ፈት ሽቦ መተካት ያለ ነገር ነው፤ የገረመኝ እሱ አይደለም። መጋጠሚያው በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ላይ በሰማያዊ የስፌት ክር ተጠምጥሟል። እንደዚህ የሚሠራ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው። የፍሪጁም ሶኬት፣ የሬዲዮኑም ገመድ በዚያው ክር ነው የታሰረው። ክሩም ከእኔ መሳቢያ የተወሰደ ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ክሩን ይዤለት ሄድኩ። «አባዬ፣ ይሄ የማን እጅ ነው?»

አየው። መነጽሩን አወለቀ። «የክላክሱ ሽቦ ተበጥሶ ነበር» አለ።

«እሱን አየሁት። ኤሲው ተቃጥሏል ያልከንስ?»

መነጽሩን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ከዚያ ስለ እማዬ ያወራኝ ጀመር። እማዬ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ንፋስ ስትፈራ ልክ አልነበራትም፤ በታክሲ እንኳ ከኋላዋ ያለውን ሰው መስኮት ታዘጋ ነበር። አዋሽ ይዟት በወረደ ቁጥር ኤሲው ትከሻዋን እየመታት ሳምንት ትተኛለች። ሲያጠፋው ደግሞ እሱ በላብ ሲጠመቅ ታይና «አብራው፣ እኔ ምንም አልሆንም» ትላለች። «ለእኔ ብላ ትታመም ነበር» አለ። ስለዚህ አንድ ቀን ሽቦውን ቆረጠውና ተቃጠለ አላት። «ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ በትዳር ዘመኔ የዋሸኋት እሱን ብቻ ነው።»

እና እስከ ዛሬ ለምን አልተናገረም? «ከእሷ ደብቄ ለእናንተ እንዴት እነግራለሁ?» አለኝ። ካረፈችም በኋላ!

ተናደድኩ። ለካ በከንቱ ነው መርካቶ ስንከራተት የዋልኩት። ታደለ ፈቶ ጥግ የጣለውን አሮጌውን ኮምፕሬሰር አንስቼ ሁለቱን ሽቦዎቹን ከባትሪ ጋር አገናኘሁ። ጠቅ አለ። ንዴቴ በረደና አልቅሼ ወጣልኝ። ታደለ እንደሚለው ግን ያን ሁሉ ዓመት ሳይዞር ቆሞ የውስጥ ማሸጊያ ጎማው ደርቋል፤ ጋዝ አይዝም። አዲሱ ይቆይ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ለኤሲው አዲስ ሽቦ ዘረጋሁለት፣ የራሱን ፊውዝ ሰጠሁት። ክላክሱም አረንጓዴውን ለብቻው ወሰደ። ታደለ ጋዙን ሞላ። ተጫንኩ። ጭጭ!

ላብ አጠመቀኝ። ፊውዝ ደህና፣ ሽቦ ደህና፣ ባትሪ ደህና። አባዬ ከበረንዳው «ማራገቢያውን ሳትከፍቺ እንዴት ይነሳል?» አለ። ሳምንቱን ሙሉ ያውቅ ነበር! ማራገቢያውን ከፈትኩ። ጠቅ። ከደቂቃ በኋላ ከአሥራ ምናምን ዓመት አቧራ ጋር ቀዝቃዛ አየር ፊቴ ላይ መጣ። አስነጠሰኝ።

ለሙከራ ከአባዬ ጋር ወደ እንጦጦ ወጣን። ዝናብ ጀመረ፤ መስታወቱ በትንፋሻችን ጉም ለበሰ። ኤሲውን ስከፍተው ከታች ጀምሮ ጠራ። ለካ አየሩን ያደርቀዋል። ለጉለሌ ብርድ ኤሲ ምን እንደሚያደርግ ለጎረቤት የምነግረው አገኘሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

የምጽፈው መተሐራ፣ እታለም ደጅ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። ደብተሩ በላቤ እየራሰ ነው። አባዬና እታለም ሞተሩ እንደተነሳ ጋቢና ውስጥ ናቸው። የእሷ ቤት ቆርቆሮ ነው፤ እንኳን ታማሚ ጤነኛም አያስቀምጥ።

መንገዱን በደህና መጣን። አባዬ እስከ ሞጆ ብዙም አልተናገረም፤ ከዚያ በኋላ ዝም አላለም።

እታለም ምርኩዝ ይዛ ወጣች። ከስታለች። መኪናው ውስጥ ገብታ አንገቱን አቅፋ ብዙ አለቀሰች። ቀና ስትል «ኧረ ይሄ ምን ብርድ ነው? ልትጨርሱኝ ነው?» አለች።

የአባዬ እጅ ወዲያው ሊያጠፋው ወደ ማብሪያው ሄደ። «አባዬ!» ከማለቴ እሷ እጁን መታ አደረገችው።

«ተው! ለአንተ ልብ አይደል የተሠራው? እኔን ጋቢህን አልብሰኝ።»

ጠዋት ከጉለሌ ብርድ ለብሶት የወጣውን ጋቢ አለበሳት። በመተሐራ ግንቦት! በሩን ዘጋሁላቸው። አባዬ በመስታወቱ አየኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። እማዬም ብትጠየቅ ይህንኑ ትል እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

አሁን እጇን ይዞ አንድ ነገር ያወራላታል። አይሰማኝም። የምሰማው ኮምፕሬሰሩን ብቻ ነው። ጠቅ ይላል፣ ትንሽ ይሠራል፣ ያርፋል። ባረፈ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ። ገና የመልስ መንገድ አለብን። ጠቅ። ተመስገን።