ያለ ነው ወይስ የተባለ? የወይዘሮ ታቢታ ዱካሞ ሕይወት

ወይዘሮ ታቢታ ከአባታቸው ከአቶ ዱካሞ ሻላሞ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቄ በ1960 ዓ.ም. ቱላ ተወለዱ። አባት ገበሬ ነበሩ፤ እናት ገበያ ዋሳ የሚባለውን ቆጮ ይሸጡ ነበር።

በልጅነታቸው ዘመን የቀበሌው ሱቅ ስኳር ገባለት በተባለ ቁጥር ሰፈሩ ዘንቢል ይዞ ይሮጣል። እናታቸው አይሮጡም። "ያለ ነው ወይስ የተባለ? ሄደሽ በዓይንሽ አይተሽ ነይ" ብለው ታቢታን ይልካሉ። ብዙውን ጊዜ የተባለ ነበር። ጥያቄዋ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከታቢታ አፍ አልጠፋችም።

አንደኛ ደረጃን ቱላ፣ ሁለተኛ ደረጃን ሐዋሳ ተማሩ። አዲስ አበባ ሄደው በአካውንቲንግ ተመረቁ፤ በ1984 ዓ.ም. ባንክ ተቀጠሩ።

በ1988 ዓ.ም. መምህር ሕዝቅያስን አገቡ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ "ልጁ ሐዋሳ ታቦር ሰፈር ቤት አለው" አሉ። ታቢታ ከጓዳ ሆነው "ያለ ነው ወይስ የተባለ?" ብለው ጮኹ። እናታቸው በድንጋጤ በሩን ዘጉት። ቤቱ የተባለ ሆኖ ተገኘ። ያም ሆኖ አገቡት፤ ቤቱንም አብረው ሠሩት። ዮዲትንና አልአዛርን ወለዱ። አልአዛር "ፈተናው ቀሎኛል" ብሎ ሲገባ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ሥራቸው። ይህን ሳይረዱ የሚያወሩ ስላሉ በግልጽ ይነገር። ባንክ የሚሠራበትን ዶላር ካዝና ውስጥ ቆልፎ አያስቀምጥም። ዶላሩ ያለው ውጭ አገር ባንክ ውስጥ፣ በባንኩ ስም በተከፈተ ሒሳብ ነው። ቡና ላኪው ሲሸጥ ይሞላል፤ መድኃኒት አስመጪው ሲገዛ ይጎድላል። ዶላር ሲያጥር ከውጭ ባንክ መበደር አለ፤ ብድር ግን መክፈያ ቀን አለው። ታቢታ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሐዋሳ ሆነው ይህን ይጠብቁ ነበር። የብድሩን መክፈያ ቡናው ከሚሸጥበት ወር ጋር ያገጣጥማሉ፤ ለአንዱ ቃል የተገባውን ዶላር ለሌላው አያስነኩም። ሥራው ይኸው ነው። ቀላል የሚመስለው ላልሠራው ነው።

በ2014 ዓ.ም. ዶላር ጠፋ። ታቢታ ከቡና ላኪዎች የገባውን ለመድኃኒት ይዘውታል። አለቃቸው ደግሞ ለአንድ ትልቅ አስመጪ "ዶላሩ አለ" የሚል ማረጋገጫ እንዲፈርሙ አዘዟቸው፤ ከውጭ ባንክ ብድር ሊመጣ ነው ተብሎ።

"ብድሩ ያለ ነው ወይስ የተባለ?"

"በዚህ ሳምንት ይገባል። አንድ ፊርማ ናት እኮ፣ ወይዘሮ ታቢታ!"

"ታዲያ እርስዎ ይፈርሟታ።"

ሌላ ሰው ፈረመ። ብድሩ አልመጣም። የውጭው ሻጭ ገንዘቡን ስላላገኘ የአስመጪው ዕቃ ጅቡቲ ላይ ቆሞ ቀረ። መድኃኒቱ ግን ገባ። ታቢታ አልፈርም በማለታቸው ከቦታቸው ተነሡ፤ ከፎርም ማህደር ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። ያኔ ነው "ዶላር ሲሸጡ ተይዘው ነው" የሚለው ወሬ የተነሣው። ባንኩ ራሱ መርምሮ ምንም አላገኘም። ይህን ግን ጮክ ብሎ የተናገረ የለም። ስለዚህ እዚህ ጮክ ተብሎ ይነበብ፦ ያ ወሬ የተባለ ነው። ያለ ነው የሚል ካለ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጧልና ተነሥቶ ይናገር።

(አንባቢው እዚህ ጋ ትንሽ ይጠብቅ።)

ትናንት ከባንኩ ሰው መጥቶ ነበር። ይህን ወረቀት በባለቀለም እናሳትምላችሁ አለ። ከላይ ያለው የፊርማው ነገር ወጥቶ "በልዩ ልዩ ኃላፊነቶች በትጋት አገልግለዋል" ይባልልን አለ። እግዜር ይስጥልን ብለን ሸኘነው። እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ በራሳችን አሳተምን። ፎቷቸው የጠቆረው ለዚህ ነው፤ በአካል ቀይ መሆናቸውን ታውቃላችሁ።

ታቢታ እስኪታመሙ ድረስ በየቀኑ በሰዓታቸው እዚያ ክፍል ገቡ። ልቀቂና ቤትሽ ግቢ ያላቸውን ሁሉ "ያጠፋው ይልቀቅ" አሉት። በ2016 መጨረሻ የምንዛሬው ሕግ ተለውጦ "ዶላር እንደ ልብ ሆነ" ሲባል የድሮ ደንበኞች ቤታቸው ድረስ ለምክር መጡ። ምን ብለው እንደጠየቋቸው መጻፍ አያስፈልግም።

አምና ጉበታቸውን ታመሙ። ሐኪሙ ስለ ተስፋ ብዙ አወራ። ታቢታ እስኪጨርስ ጠበቁትና "የኔ ልጅ፣ ያለ ነው ወይስ የተባለ?" አሉት። እሱም "የተባለ ነው፣ እማማ" አላቸው። "ተባረክ። ሐቀኛ ነህ" ብለውት ቤት ውሰዱኝ አሉ። አልጋቸው ላይ ሆነው እንኳን ከሕዝቅያስ ጋር ስለዚያ ቤት ይሟገቱ ነበር።

ረቡዕ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ታቦር በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸው መምህር ሕዝቅያስ፣ ልጆቻቸው ዮዲትና አልአዛር፣ ይህንንም የጻፈችው ታናሽ እህታቸው አሉ።

የሚወዱት ጌታ ነፍሳቸውን በክብር ይቀበል። እኛንም ያጽናን።

ሙታን ይነሣሉ ተብሏል። ታቢታ ይህንንም መጠየቃቸው አይቀርም። ስለዚህ አፈር ሳይለብሱ እንመልስላቸው፦

ያለ ነው፣ እታለም። ያለ ነው።