በአባቴ ፈረስ ፋርማሲ ስለመግባቴ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የኮሌጃችን ዲን
ዳንግላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ከፈረስ በዓሉ ወዲህ አመመው ሲባል የሰማሁት ወገብዎ እንደምን ከረማችሁ? ጤናዎን የምመኘው ከልቤ ነው። በዘንድሮው አመራረጥ የገባን ተማሪዎች ተመርቀን በየመድኃኒት ቤቱ መስኮት በምንቆምበት ጊዜ፣ እርስዎ የሐኪም ማዘዣ ይዘው ከፊታችን እንዳይቆሙ እግዚአብሔር ይጠብቅዎ፤ እኛንም ከዚያ ቀን ይሰውረን።

እርስዎ እኔን በአባቴ፣ አባቴንም በፈረሳቸው እንደሚያውቁን ባይጠፋኝም፣ ይህን ለሚያነበው ለሌላው ሰው ስል ራሴን ላስተዋውቅ። ያለምወርቅ አየነው እባላለሁ፤ የግምጃ ቤት ከተማ ልጅ ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ያለፍሁት ሰው ቦይ እንደሚሻገር ነው፤ ዝላዬ ትንሽ ቢያጥር ኖሮ ውኃው ውስጥ ነበርሁ። ትራንስክሪፕቴ መካከለኛ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ መምህራን ጎበዙን ለማመስገን፣ ሰነፉን ለመቆጣት ስም ሲጠሩ፣ እኔን የሚያስጠራ ጉዳይ አልነበራቸውም። በዚህ አፍሬ አላውቅም፤ መካከለኛ ቢሆንም የራሴ ነው። የኮሌጁን ስም ያልጠቀስሁት ደግሞ ለክብሩ ተጨንቄ ነው፤ እርስዎም እንዲሁ እንደሚጨነቁለት አልጠራጠርም።

ኮሌጅዎ ያወጣው ማስታወቂያ ወደ ፋርማሲ ለመግባት በኬሚስትሪ ከፍ ያለ ውጤት ያላቸው ቅድሚያ እንደሚያገኙ፣ የቀሩት ግን በቃለ መጠይቅ እንደሚለዩ ይናገር ነበር። እኔ ከቀሩት ነኝ፤ ተስፋዬን ሁሉ የጣልሁት በዚያ ቃለ መጠይቅ ላይ ነበር። ባለፈው ሳምንት ስሜ ካለፉት ጋር ተለጥፎ አገኘሁት። እልል ማለት ሲገባኝ እንቅልፍ አጣሁ። እንቅልፍ የነሱኝን ነገሮች ከዚህ በታች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. በቃለ መጠይቁ ዕለት ሦስት ሆናችሁ ተቀምጣችሁ ነበር። ከእኔ በፊት የገባው ልጅ ላቡን እየጠረገ ወጥቶ «አሲድና ቤዝ አሳበዱኝ» ስላለኝ ሁለቱንም በልቤ እየደገምሁ ገባሁ። እርስዎ ወረቀቴን አየት አደረጉና «አየነው ማለት ያ የግምጃ ቤቱ? የዳማው ፈረስ ባለቤት?» አሉኝ። አዎ አልሁ። «ዘንድሮም ይጋልባል?» አሉኝ። አባቴ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ዘንድሮ እንደማይጋልቡ ነገርሁዎ። «ፈረሱስ?» አሉኝ። ፈረሱ ደኅና ነው አልሁ። በዚህ ጊዜ ከጎንዎ የተቀመጡት መምህር አንድ ነገር ሊጠይቁኝ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ «በቃ፣ ይቺ ጎበዝ ናት» ብለው አሰናበቱኝ። ክቡር ሆይ፣ በትምህርት ዘመኔ ጎበዝ የተባልሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ምናልባት ተሳስቼ የእንስሳት ሕክምና ገብቼ እንደሆነ ብዬ፣ ስወጣ በሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ዞሬ አንብቤዋለሁ።

፪ኛ. ከጥቂት ቀናት በኋላ እርስዎ ራስዎ ግምጃ ቤት ድረስ ደክመው መጡ። እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ ለጥር የፈረስ በዓል ፈረስ መዋስ ነውር የለበትም። የሌለው ይጠይቃል፣ ያለው ይሰጣል፤ የተዋሰው ሰው ፈረሱን አጥቦ፣ አብልቶ፣ አመስግኖ ይመልሳል። ከዚያ በላይ ውለታ አይጠበቅም፤ ማንሣቱም ራሱ ነውር ነው። አባቴም በዚሁ ደንብ ዳማውን ከነጌጡ ሰጡዎት። እንጅባራ ሜዳ ላይ ሲጋልቡ አይቼዎታለሁ፤ ፈረሱ በጣም አምሮበት ነበር። በደንቡ መሠረት አጥበውና አብልተው ስለመለሱልን ቤተሰባችን ያመሰግናል። ስሜ የተለጠፈው ግን ፈረሱ በተመለሰ በማግስቱ ነው። በባዶ ኮርቻ የመጣ መስሎን የተቀበልነው ፈረስ፣ ያልጠየቅነው ጭነት ይዞ መምጣቱን የጠረጠርሁት ያን ጊዜ ነው።

፫ኛ. እንቁ የምትባል ጓደኛ አለችኝ። ኬሚስትሪን ለእኔ ያስረዳችኝ እሷ ስትሆን፣ ውጤቷም ከውጤቴ ይበልጣል። ቃለ መጠይቁ ላይ አሲዱንም ቤዙንም ተጠይቃ መልሳለች፤ አባቷ ፈረስ ስለሌላቸው ሌላ የምትጠየቀው ነገር አልተገኘም። የማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ስሜን ያገኘችልኝ እሷ ነበረች። «አንቺ፣ እልል በይ እንጂ!» ብላ ጀርባዬን መታችኝ። ከዚያ የራሷን ስም መፈለግ ጀመረች። ጣቷ እየወረደ ሄዶ ከወረቀቱ ግርጌ፣ «ተጠባባቂ» ከሚለው ሥር ቆመ። ወደ መናኸሪያ ሄደን ሚኒባስ ተሳፈርን። ሚኒባሱ ውስጥ ቀስ ብላ «ያለም፣ አንቺን ምን ጠየቁሽ?» አለችኝ። «ስለ ዳማው» አልኋት። ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ግን ሳቋን አቆመች። ክቡር ሆይ፣ ያን ሳቅ ማቆሟን እርስዎ ቢያዩት ኖሮ እኔ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍሁ ነበር።

፬ኛ. አበረ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ዳንግላ ላይ ባጃጅ ይነዳል። በማግስቱ ለምዝገባው ጉዳይ ስመለስ አየኝና፣ መንገደኛ ሁሉ እየሰማ «ነይ ግቢ፣ የዳማው ተማሪ! ኮርቻሽን ከኋላ ልጫንልሽ?» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም በንዴት ጉዳዩን ለዲኑ በግልጽ እንደምጽፍ እዚያው ዛትሁ። አንዲት እናት ግን ከሳቁት ጋር አልሳቁም። መለስ ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ነገ መድኃኒት የምትሰጪን አንቺ ነሽ?» አሉኝ። የአበረን ቀልድ ረስቼዋለሁ። ለእኚህ እናት የምመልሰውን ግን እስካሁን አላገኘሁም።

፭ኛ. ከሁሉ አብልጦ የሚቆጨኝ ግን የጠየቁኝ ሳይሆን ያልጠየቁኝ ነው። ፋርማሲ ለምን እንደመረጥሁ ትጠይቁኛላችሁ ብዬ፣ ከግምጃ ቤት እስከ ዳንግላ በአፌ ውስጥ እያገላበጥሁት የመጣሁት መልስ ነበረኝ። የሚጠይቀኝ ስለጠፋ፣ በነፃ እነሆ።

የአባቴ እህት፣ አክስቴ የሻረግ፣ ከአዊኛ በቀር ሌላ ቋንቋ እምብዛም አይሰሙም። አምና በሁዳዴ ታመው ከተማ ሄዱና መድኃኒት ተሰጣቸው። ሰጪው ቸኩሎ በአማርኛ «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» አላቸው። አብሯቸው የሄደው ጎረቤት ቃል በቃል በአዊኛ ነገራቸው። አክስቴ በሁዳዴ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል በአፋቸው አይዞርም፤ የሚበሉትም በቀን አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ አሰቡበት። መድኃኒቱ ከምግብ በኋላ ከሆነ፣ ምግቡም አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ሦስቱን አከታትሎ ከመዋጥ በቀር ምን መንገድ አለ? ዋጧቸው። በማግስቱም ዋጧቸው። ከዚያ ራሳቸውን አዙሮ ደጃፍ ላይ ጣላቸውና በጋሪ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳኑ። ነርሷ ስትቆጣቸው «ምን አጠፋሁ? ያላችሁኝን ነው ያደረግሁት» አሉ። እውነታቸውን ነው። ያጠፋው «ይጾማሉ ወይ?» ብሎ በቋንቋቸው ያልጠየቃቸው ነው። ያን ዕለት፣ በጋሪው ላይ ጭንቅላታቸውን ታቅፌ ስሄድ፣ ከመስኮቱ በስተጀርባ ቆማ ይህን የምትጠይቅ ሰው መሆን እንደምፈልግ አወቅሁ። ይህን ለማወቅ ከመካከለኛ ውጤት በላይ አላስፈለገኝም። መድኃኒቱን ለማወቅ ግን ኬሚስትሪው ያስፈልገኛል፤ ስለዚህም ልጠየቅ ይገባኝ ነበር።

ብትጠይቁኝ ምናልባት አልፍ ነበር፤ ምናልባትም እወድቅ ነበር። ሁለቱንም እችላቸዋለሁ። የማልችለው አለማወቁን ነው። አራት ዓመት ተምሬ፣ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ የሰው ሕይወት በእጄ ይዤ፣ ይህን ቦታ ያገኘሁት በራሴ ነው ወይስ በፈረሱ እያልሁ መኖር አልችልም። ነገሩን ለአባቴ ስነግራቸው ከተቀመጡበት ተነሡ። «እኔ ፈረስ አዋስሁ እንጂ ወንበር አልጠየቅሁም» አሉ። ቆይተውም «የሚገባሽ ከሆነ ግቢ፤ የማይገባሽ ከሆነ ሰው ሳይነግርሽ ተመለሽ» አሉኝ። ምክራቸው መልካም ነበር፤ የሚገባኝ መሆኑን የማውቅበትን አንዱን በር እርስዎ በደግነትዎ ባይዘጉብኝ ኖሮ።

ስለዚህ አንድ ትንሽ ልመና አለኝ። ምዝገባው ሰኞ ያበቃል። ሰኞ ጠዋት እኔና እንቁ ከቢሮዎ ደጃፍ እንገኛለን። ሦስታችሁም እንደዚያን ዕለቱ ተቀመጡልን፤ እኒያ አፋቸውን ከፍተው የቀሩት መምህርም ጥያቄያቸውን ይጨርሱ። በሩ ክፍት ይሁን፤ መስማት የፈለገ ተማሪ ይስማ። ሁለታችንንም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁን። ከወደቅሁ ስሜን በገዛ እጄ ከሰሌዳው ላይ ሰርዤ እመለሳለሁ፤ በሚቀጥለውም ዓመት አጥንቼ እመጣለሁ፤ መካከለኛ ሰው መድገም አይፈራም። ካለፍሁም እገባለሁ፤ ለእኒያ እናትም መልስ ይኖረኛል። ሳትጠይቁኝ ግን አልመዘገብም፤ ወንበሩ ቢያመልጠኝም ያምልጠኝ።

እስከዚያው ድረስ፣ ወላጆቼ በልፋት፣ መምህራኖቼ በትዕግሥት፣ ጓደኛዬም በማስረዳት ሊያደርሱኝ ሲደክሙ የኖሩበትን ቦታ በአንድ ግልቢያ ስላደረሱልኝ፣ ስለ ከበሬታዎ፣ ስለ አጭር ፈተናዎና ስለ ሰፊ ልብዎ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክብሮቷ ያልተጓደለ፣ ጥርጣሬዋም ያልተነሣላት፣
መካከለኛዋ ተማሪዎ
ያለምወርቅ አየነው
ከግምጃ ቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጨርሼ በቴሌግራም ልለቀው ስል ከቢሮዎ ለእንቁ ተደወለላት። ባጃጅ ውስጥ የዛትሁት ጆሮዎ ደርሶ ይሆናል። «አንቺም አልፈሻል፣ ሰኞ መጥተሽ ተመዝገቢ፤ ጓደኛሽንም አረጋጊያት» ተባለች። ማንም ምንም አልጠየቃትም። እንቁ አልዘለለችም፣ እልልም አላለች። ስልኩን ዘግታ መጀመሪያ የተናገረችው «እናቴ በቅሎ እንዳላት ደግሞ ማን ነገራቸው?» የሚል ነው። ሰኞ ሁለታችንም ልንጠየቅ እንመጣለን። በቅሎዋ ግን ከቤት አትወጣም።